የኋላ ዲፈረንሻል ሲጮህ፦ ማደስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ መግዛት? ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ የጭነት መኪና ባለቤቶች

የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የኋላ ዲፈረንሻል መጮህ ሲጀምር ባለመኪናው አራት መንገዶች አሉት። አንዱ ዘይት ቀይሮ፣ የሚያንጠባጥበውን ዘግቶ መቀጠል ነው። ሁለተኛው ኩሽኔታዎቹን፣ ማለትም የሚዞሩትን ክፍሎች የሚሸከሙትን ቀለበቶች፣ ብቻ መቀየር፣ ሦስተኛው አዲስ ኮሮናና ፒኞን፣ ማለትም ትልቁንና ትንሹን ዋና ጥርስ፣ ገዝቶ ማስገጠም፣ አራተኛው ደግሞ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ፈልጎ እንዳለ መለወጥ ነው። አዲስ ሙሉ ዲፈረንሻል ከነማሸጊያው መግዛትም ይቻላል፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው የአይሱዙ ባለቤት የሚቀመስ ስላልሆነ እዚህ አልቆይበትም።

ጋራዥ በር ላይ የሚሰማው ክርክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዋጋ ላይ ነው። የትኛው ይረክሳል የሚለው ጥያቄ ግን መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ነው። ቀድመው መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ከዲፈረንሻሉ የወጣው ዘይት ምን ይዞ ወጣ? ሥራውን የሚሠራው ሰውስ በመለኪያ ይሠራል ወይስ በግምት? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል። ካልታወቁ ግን ውድ ዕቃ ተገዝቶም መኪናው ከወር በኋላ እዚያው ጋራዥ ይቆማል።

መጀመሪያ ጩኸቱ የዲፈረንሻሉ መሆኑን ማረጋገጥ

ያልታመመ ዲፈረንሻል ተፈትቶ፣ ተበትኖ፣ መልሶ ሲገጠም ሁልጊዜ የሚጎዳው ነገር አለ። ስለዚህ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት መኪናው ይነዳ። ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው፤ መንገዱ ለጥ ያለ በመሆኑ ዳገትና ቁልቁለት ድምፁን አይለዋውጡትም። ሹፌሩ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ሌላ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ያዳምጥ።

ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያለቅስና ሲለቀቅ ዝም የሚል ድምፅ የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች አለመግባባት ነው። በተቃራኒው ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ማለትም መኪናው ራሱ ሞተሩን ሲገፋ የሚመጣ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የፒኞኑ ኩሽኔታ መላላቱን ወይም የፒኞኑ ዳዶ መለቀቁን ያመለክታል። ነዳጅ ቢሰጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ፣ ነገር ግን መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያጥፉ የሚጨምርና የሚቀንስ ጉምጉምታ ከሆነ ወደ ጎማ ኩሽኔታ ማየት ይገባል። አስፋልት ላይ ጮሆ ጠጠር ላይ የሚጠፋው የጎማው የራሱ ድምፅ ነው። በቀጥታ መንገድ ጸጥ ብሎ መዞሪያ ላይ ብቻ የሚንቋቋው ደግሞ በውስጥ ካሉት ትንንሽ ጥርሶች፣ መካኒኮች ሳተላይት ከሚሏቸው፣ ይመጣል።

መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሽ ሲገባ የሚሰማ «ኳ» የሚል ምት ብቻውን ዲፈረንሻል አያስፈታም። ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ላይ ያሉት ክሮቼራዎች፣ መስቀል መሳይ መጋጠሚያዎቹ፣ ቀድመው ይታዩ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ክሮቼራው ውስጥ ክፍተት ካለ ዓይን ያየዋል። ከዚያ ዘንጉ ከፒኞኑ ጋር የሚታሰርበትን ክብ ብረት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። ይህ ሙከራ በጣም ቀላል ቢሆንም ብዙ ይናገራል። በመዞር በኩል ጥቂት ክፍተት የሁሉም ዲፈረንሻል ጠባይ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ከተነቃነቀ የፒኞኑ ኩሽኔታ አብቅቷል፣ ቀጠሮም አይሰጥም።

ሙቀትም ምስክር ነው። ጭኖ ግማሽ ሰዓት የተነዳ መኪና ቆሞ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ (ፒኞኑ ያለበትን የፊት ጫፍ)፣ የግራውንና የቀኙን ጎማ ማዕከል በተራ በእጅ ጀርባ ተጠግቶ ማነጻጸር ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከጋለ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ጠብታ ውሃ ጣል ተደርጎበት የሚንጫጫ ከሆነ ብረቱ ከውሃ መፍያ በላይ ግሏል ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ ውስጥ የተማሩትን ግምት እዚህ ሲጠቀሙ ይህችን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል።

ዘይቱ የሚናገረው

ዲፈረንሻሉ ከመፈታቱ በፊት ዘይቱ ይፍሰስ፤ መኪናው ተነድቶ ዘይቱ ለብ ባለበት ሰዓት፣ ንጹሕ በሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ። ከመጨረሻው የዘይት ጠብታ ጋር ዓይን የሚሄደው ወደ ማፍሰሻው ቡሎን ነው። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈውን በሁለት ጣት መሐል አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል። ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ሲያሹት የማይቧጥጥ ጭቃ ከሆነ ተራ የዕድሜ ብናኝ ነው፤ አያስፈራም። ጣት የሚወጋ፣ ስስ፣ በብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ከሆነ የኩሽኔታ ገላ መላጥ ጀምሯል። ቅርፅ ያለው ቁራጭ፣ በተለይም አንድ ጎኑ የተወለወለ ሌላው ጎኑ የተሰበረ ሆኖ ከተገኘ የጥርስ ስብራት ነው፤ ያ መኪና በራሱ ኃይል አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ የለበትም። የተሰበረችው ቁራጭ በሁለቱ ጥርሶች መሐል ከገባች ቤቱን ጭምር ትሰነጥቃለች።

ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ የሚሸት ዘይት ወይ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይ መጠኑ ጎድሎ ቆይቷል። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። ይህ የመጨረሻው በጣና ዙሪያ ካለው ሁሉ የበዛ ስለሆነ ለብቻው ላንሣው።

የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ በውሃ ይጥለቀለቃል። ሩዝና ሽንኩርት የሚጭን መኪና አክስሉ እስኪጠልቅ ውሃና ጭቃ ያቋርጣል። ሌላው ልማድ ደግሞ መኪናን ከመንገድ እንደመጣ ሐይቁ ዳር ወይም ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ነው። ሁለቱም የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ዓይነት ነው። ጭኖ የመጣ አክስል በውስጡ ያለው አየር ግሎ ተለጥጧል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ በድንገት ይኮማተርና ውጪ ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። አክስሉ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ ደረቅና ክፍት ብትሆን የሚገባው አየር በሆነ ነበር። ነገር ግን መተንፈሻዋ ራሷ ውሃ ውስጥ ናት፤ ወይም በጭቃ ተደፍናለች፤ ያኔ ውሃው በፓራሊዮው ከንፈር፣ ማለትም ዘይቱን በሚያግደው ጎማ በኩል ሾልኮ ይገባል። መኪናው እሑድ ቆሞ ሲውል ውሃው ከታች ይረጋል፣ የኩሽኔታው ጥቅልሎች በተኙበት ቦታ ዝገት ይይዛቸዋል፣ ሰኞ ጭነት ሲመጣ ያች የዛገች መሥመር መላጥ ትጀምራለች።

መከላከያው ከማንኛውም ጥገና የረከሰ ነው። መተንፈሻዋ ትነቀል፣ ትታጠብ፣ በእሷም ቦታ ዘይትና ሙቀት የሚችል ቀጭን ቱቦ ተገጥሞ ጫፉ ወደ ሻሲው ከፍ ተደርጎ ወደ ታች ታጥፎ ይታሰር። ይህን ያደረገ ሰው ክረምቱን በሰላም ይወጣል። ለማጠብም ቢሆን መኪናው ቆሞ አክስሉ በእጅ እስኪነካ ድረስ መጠበቅ ነው። ረዳቱ ቸኩሎ ወደ ውሃው ሲያስገባው ዝም ብሎ የሚያይ ባለንብረት በራሱ ገንዘብ ላይ ዝም እያለ ነው።

ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከተገኘና መኪናው ከቀናት በላይ ካልቆመ ማዳን ይቻላል። አፍስሶ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ዘይት ሞልቶ፣ ባዶውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ በትኩሱ እንደገና አፍስሶ አዲስ መሙላት ነው። ሁለተኛው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ከወጣና ጩኸት ከሌለ ነገሩ እዚያው አበቃ። በናፍጣ አጥቦ መሙላት ግን አይመከርም፤ ከታች የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

*ዘይትና ፓራሊዮ ብቻ።* ማግኔቱ ላይ ለስላሳ ብናኝ ብቻ ካለ፣ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች ካልተነቃነቀ፣ ቅሬታው ማንጠባጠብ ብቻ ከሆነ ከዚህ ያለፈ ነገር መንካት አያስፈልግም። በዚህ ሥራ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ፓራሊዮው ይቀየራል፣ በሳምንቱ መልሶ ያንጠባጥባል፣ ዕቃው መጥፎ ነው ይባላል፣ ሌላ ይገዛል። መተንፈሻዋ ተደፍና ከሆነ ግን በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ፓራሊዮ አይችለውም፤ የጋለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን ይገፋዋል። ፓራሊዮው የሚቀመጥበት ብረትም ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከቆፈረ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት ወይም ብረቱ ይቀየር። የፒኞኑን ዳዶ ለመፍታት የግድ ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ ዳዶውና ብረቱ ላይ ምልክት ተደርጎ ወደ ነበረበት ቦታ መመለስ አለበት። አንዳንድ አሠራሮች በውስጣቸው በመጥበቅ የሚጨመደድ ቀለበት ስላላቸው ከልክ በላይ የተጠበቀ ዳዶ ኩሽኔታውን አንቆ ይገድለዋል።

ዘይቱ ላይ ለመቆጠብ መሞከር አያዋጣም። የኋላ ዲፈረንሻል የሚፈልገው ጂኤል-5 ደረጃ ያለውን ዘይት ነው፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ስለሚጫኑ ጂኤል-4 አይበቃቸውም። የውፍረቱን ነገር የፋብሪካው መመሪያ ይወስናል። 80ደብሊው-90 የሚል መኪና ላይ 85ደብሊው-140 መሙላት ጩኸቱን ለጊዜው ሊያደበዝዘው ይችላል፤ የተላጠ ኩሽኔታ ግን በወፍራም ዘይት አይድንም፣ ባለቤቱም በመሐል ማስጠንቀቂያውን ያጣል። መጠኑ ደግሞ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ልክ ነው።

በጎማ ማዕከል በኩል የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጉዳዩ የዲፈረንሻል ብቻ መሆኑ ያበቃል። ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። በዘይት የራሰ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ወይም በእሳት ደርቆ አይመለስም፤ መቀየር አለበት። ይህን ችላ ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሹፌር ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያቆለቁል አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ፍሬን ይዞ ነው። ሌላው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ግን ለአንድ ጉዞም አይዘገይም።

*ኩሽኔታዎችን መቀየር።* ማግኔቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ታይቶ ጥርሶቹ ደህና ከሆኑ ምርጫው ይህ ነው፤ በእኔ ግምትም ገንዘብን በተሻለ የሚያድነው መንገድ ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ኩሽኔታው ሲላላ ፒኞኑ ከቦታው ይሸሻል፣ ፒኞኑ ሲሸሽ ጥርሶቹ ጠርዝ ለጠርዝ መገናኘት ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መዳን አይቻልም። በጊዜው የተደረሰበት ግን በኩሽኔታና በፓራሊዮ ዋጋ ይዘጋል።

ሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎችና የኮሮናው ግራና ቀኝ ኩሽኔታዎች በአንድ ጊዜ፣ ውስጡም ውጪውም አብሮ ይቀየሩ። የውጪውን ቀለበት ለማውጣት ስለሚያስቸግር አሮጌውን ትቶ ውስጡን ብቻ አዲስ የሚያስገባ ሠራተኛ ሥራውን አልሠራም። ከዚያ የሚመጣው የስፔሶር ጉዳይ ነው፤ ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል እንደሚጠጋ የሚወስኑት እነዚያ ስስ የብረት ቀለበቶች ናቸው። የነበሩት ሳይደባለቁ ተቀምጠው መነሻ ይሆናሉ፤ ግን አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌው በጥቂቱ ስለሚለያይ መለካት አይቀርም።

ጎበዝ ባለሙያ ፒኞኑን ብቻውን ገጥሞ፣ ፓራሊዮው ሳይገባ፣ በክቡ ብረት ላይ ገመድ ይጠመጥምና በገመዱ ጫፍ የሚንጠለጠል ሚዛን አስሮ ይጎትታል። ፒኞኑ በዝግታ ሲዞር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የኩሽኔታው ጥብቀት ነው፤ ከመመሪያው ጋር አስተያይቶ ያጠብቃል ወይም ያላላል። ቁጥሩ ካነሰ ፒኞኑ ጭነት ሲመጣበት ይወዛወዛል፤ ከበዛ ኩሽኔታው ግሎ ይሞታል። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። በእጁ አዙሮ «ልኩ ነው» የሚለው ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራም የሰው እጅ ይህን አይመዝንም። ገበያ ላይ የታዋቂ ፋብሪካ ስም የተጻፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎችም ስላሉ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው የማይገጥም ከሆነ መመለስ ነው።

*አዲስ ኮሮናና ፒኞን።* ጥርስ ከተሰበረ፣ ከተቦረቦረ ወይም ጠርዙ ከተበላ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተፋጭተው የተጣጣሙ ጥንዶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የጥንድ ቁጥር ይታተማል። አንዱን ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው አገናኝቶ መግጠም ለጥቂት ጊዜ ሊያስኬድ ቢችልም ጩኸቱ አይለቅም። የተሰበረ ጥርስን በብየዳ መሙላትም እንዲሁ ነው፤ የጥርሱ ገላ የተጠነከረ ብረት ስለሆነ የብየዳው ሙቀት ጥንካሬውን ያጠፋዋል፣ የጎረቤቱንም ጥርስ ያዳክማል።

ይህ መንገድ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል፤ አዲስ ዕቃ ነው፣ ሬሾውም፣ ማለትም የኮሮናው የጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ የመኪናው የራሱ ነው። ጥቅሙ ግን የሚገኘው አስተካክሎ የሚገጥም ካለ ብቻ ነው። በጥርሶቹ መሐል የሚቀረው ክፍተት ለብዙ መካከለኛ መኪናዎች ከ0.15 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከፋብሪካው መመሪያ ይወሰዳል። ይህ በባለሰዓት መለኪያ፣ ማለትም እንደ ሰዓት በሚዞር ቀስት ጥቃቅን ክፍተት በሚያሳይ መሣሪያ፣ እንጂ በጣት አይለካም። ክፍተቱ ልክ ሆኖም ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ጥርሶች ቀለም ተቀብተው፣ ኮሮናው በእጅ ተይዞ ጫና እየተደረገበት ይዞርና የቀለሙ አሻራ ይታያል። አሻራው በጥርሱ ወገብ ላይ ከተቀመጠ መልካም ነው። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፣ ስፔሶር ተጨምሮ ይጠጋል፤ ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጠግቷልና ይቀነስ። ወደ ውጪኛው ሰፊ ጫፍ ካደላ ኮሮናው ወደ ፒኞኑ ይቅረብ፣ ወደ ውስጠኛው ጠባብ ጫፍ ካደላ ይራቅ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ክፍተቱ እንደገና ይለካል። በዚህ መሐል ዲፈረንሻሉ ደጋግሞ ሊፈታና ሊገጠም ይችላል፤ የሚሠራው ሰው ይህን ካልታገሰ ውድ ዕቃ በከንቱ ይበላሻል።

*ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል።* ስለዚህኛው ያለኝ አስተያየት ከብዙ ባለሙያ ይለያል። ያገለገለ ሲባል ብዙ ሰው የድሃ ምርጫ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ተፈትቶ የማያውቅ፣ ጥርሱ ጤነኛ የሆነ ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ጥንዶች ፋብሪካ ያስተካከላቸውና ለዓመታት አብረው የኖሩ ናቸው። በአይሱዙና በመሰሎቹ ላይ ኮሮናውና ፒኞኑ ከነተሸከማቸው ብረት ከአክስሉ ቤት ወደ ፊት እንዳለ ይወጣል፤ ሌላውም በቦታው እንዳለ ይገባል፤ ምንም የሚስተካከል ነገር የለም። ስለዚህ ባለሰዓት መለኪያ በሌለበት ጋራዥ አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከማስገጠም፣ በሚገባ የተመረመረ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል መግጠም ይሻላል። መለኪያና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ባለበት ደግሞ አዲሱ ያሸንፋል። ቁርጡ ይኸው ነው።

አደጋው ያለው በግዢው ላይ ነው። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራም ይገኝ፣ እዚሁ ከተጋጨ መኪና ላይ ይውረድ፣ ሳይታይ አይገዛም። ትኩስ ቀለም የተቀባ ዲፈረንሻል ይጠርጠር። የቡሎኖቹ ራስ በቁልፍ ከተላጠ ተፈትቶ ነበር። ጣት ገብቶ በውስጡ ወፍራም ግሪስ ካገኘ ጩኸት ለመደበቅ የተሞላ ነው። ጥርሶቹ አንድ በአንድ እየዞሩ በባትሪ ብርሃን ይታዩ፤ የኩሽኔታዎቹ ጥቅልሎች ላይ የዝገት መሥመር ካለ ቢያንስ ኩሽኔታ መቀየር እንደሚያስፈልግ ታስቦ ዋጋው ይቆረጥ።

ከሁሉ በላይ ግን ሬሾው ይመሳሰል። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 7 ጥርስ ቢኖራቸው ሬሾው 5.857 ነው፤ 39 ለ 7 ከሆነ 5.571 ይሆናል። ከውጪ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። መኪናው ላይ ያለውን ሳይፈቱ ለማወቅ አንዱ የኋላ ጎማ ተነሥቶ፣ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ፣ ማርሹ ነጻ ተደርጎ የተነሣው ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ በዚያ ጊዜ ረጅሙ ዘንግ የዞረው ብዛት ሬሾው ነው። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ክሪክ ብቻውን ግን አይታመንም፤ ከአክስሉ ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ፣ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ ይታገዱ። ቁጥሩ ያነሰ ዲፈረንሻል የተገጠመለት መኪና ሜዳ ላይ ፈጣን ሆኖ ያስደስታል፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ጭኖ ሲጀምር ግን ጉልበት ያጣል፣ ፍሪሲዮኑንም ይበላል። ከሬሾው ሌላ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው የጥርስ ብዛትና የቡሎን ቀዳዳዎቹም ይቆጠሩ።

ሁለት የኋላ አክስል ላላቸው

አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱት ባለ አሥር ጎማ ሲኖትራኮች ነገር በሁለት ነጥብ ይለያል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ጎማው ማዕከል ውስጥ ተጨማሪ ጥርሶች አሏቸው፤ ከዚያ የሚመጣ ጩኸት ዲፈረንሻል ተብሎ ይፈታል። የጎማው ማዕከል የራሱ የዘይት ማያ ስላለው ቀድሞ እሱ ይታይ። ሁለተኛ፣ የፊተኛውና የኋለኛው አክስል ሬሾ ፍጹም እኩል መሆን አለበት። አንዱን በሌላ ሬሾ የለወጠ ሰው ሁለቱን አክስሎች እርስ በርስ እያታገለ ነው፤ በሁለቱ መሐል ያለው ዲፈረንሻል ብዙ አይቆይም።

ከተሠራ በኋላ

አዲስ ኮሮናና ፒኞን የገባለት መኪና በማግስቱ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ወደ ጎንደር መላክ የለበትም። መጀመሪያ ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ እስኪቀዘቅዝ ይቁም፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ይደገም። ዘይቱ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይቀየር፤ ጥርሶቹ ሲለማመዱ የሚያወጡት ብናኝ እዚያ ውስጥ ነው።

የተበላሸበት ምክንያት ካልታረመ አዲሱም ያንኑ ዕጣ ያገኛል። በጣና ዙሪያ ካየሁት ውስጥ ሳተላይቱን በብዛት የሚገድለው ጭቃ ነው። አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሌላው ደረቅ ላይ ሲቆም ሹፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፤ የሚሽከረከረው ጎማ ፍጥነት ሁሉ በነዚያ ትንንሽ ጥርሶችና በተሸከማቸው መስቀል ላይ ይወርዳል። እነሱ የተሠሩት መዞሪያ ላይ በዝግታ ለመዞር እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ዘይቱ ከላያቸው ተበትኖ ይቃጠላሉ። ድንጋይና ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና ቆሞ ይቆለፍ፣ በቀጥታ ይውጣ፣ ደረቅ መሬት እንደረገጠ ይፈታ።

ጎማም እንዲሁ። በግራ በኩል አዲስ፣ በቀኝ በኩል ያለቀ ጎማ የታሰረበት መኪና ቀጥታ መንገድ ላይም ሳተላይቱን ያለ ዕረፍት ያዞራል። ግራና ቀኙ በዙሪያ መጠናቸው ይመጣጠኑ፤ ሜትር የሌለው ሰው በገመድም ቢሆን ይለካው። መንገድ ላይ የተሰበረ መኪና ሲጎተትም ረጅሙ ዘንግ ይፈታ፤ የኋላ ጎማ እየዞረ ሞተሩ ካልሠራ ካምቢዮው በውስጡ ያለውን ዘይት በሚገባ ስለማያዳርስ በዲፈረንሻል ጥገና ላይ የካምቢዮ ጥገና ይጨመራል።

ጋራዡ ሥራውን ሲያስረክብ አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎችና ጥርሶች መቀበል፣ የተለካውን ክፍተትና የገባውን ስፔሶር ውፍረት በወረቀት ማስጻፍ፣ ወረቀቱንም ከመኪናው ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ቢፈታው መነሻ ቁጥር ይኖረዋል።